መሐንዲስነት የሚጀመረው ከ10ኛ ክፍል ነው
(ለወላጆችና ለወጣቶች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገር የተጠየቅነው «ምህንድስና ለመማር የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻላል?» ስለሚለው ጥያቄ ነው። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» እንደሚባለው፣ የዩኒቨርሲቲ ስም ከመጥራታችን በፊት ወደ ሥሩ እንመለስ። ሥሩ ያለው ልጆቻችን በሚማሩበት ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት ውስጥ ነው።

የባግሩት ሒሳብ በ3፣ በ4 ወይም በ5 የሒዶት ይሰጣል። ልጁ የትኛው ውስጥ እንደሚመደብ አብዛኛውን ጊዜ የሚለየው በ10ኛ ክፍል ነው። በ3 የሒዶት የጨረሰ ልጅም የባግሩት ምስክር ወረቀት ያገኛል፤ እኛም እንደግሳለን፣ እልል እንላለን። ልጁ ግን ያንን ወረቀት ይዞ የምህንድስና ፋኩልቲ በር ሲያንኳኳ አብዛኛውን ጊዜ አይከፈትለትም። ዩኒቨርሲቲዎች 5 የሒዶት ሒሳብ ለያዘ ተጨማሪ ነጥብ ይሰጣሉ፤ ፊዚክስም በ5 የሒዶት የተማረ ብዙ ይጠቀማል።

እኛ መምህራንን በማሠልጠን ሥራ ላይ ስለምንገኝ፣ በአስተማሪዎች ክፍል ውስጥ የሚባለውን በጆሯችን እንሰማለን። «ይህ ልጅ እጁ ጥሩ ነው፤ ለሙያ ትምህርት ይሆናል፤ ለምን በ5 የሒዶት እናስጨንቀዋለን?» ይባላል። ክፉ አስበው ሳይሆን አዝነው ነው የሚሉት። ነገር ግን አባቶቻችን በጎንደር ግንበኞችና አናጢዎች፣ ብረት ቀጥቃጮችም ነበሩ። ያ ሥራ ስሌትና መለኪያ የሚጠይቅ ነበር። እጁ ጥሩ የሆነ ልጅ አእምሮውም ጥሩ ሊሆን እንደሚችል ከኛ የበለጠ ማን ያውቃል?

በወላጆች ቀን የሚሆነውንም ሁላችንም እናውቀዋለን። መምህሯ «ወደ 3 የሒዶት ብናወርደው ይሻላል» ስትል፣ ልጁ «ጎበዝ ነው እያለች ነው» ብሎ ይተረጉማል። አባትም «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው አመስግነው ይወጣሉ። ይህ የአባት ጥፋት አይደለም። እኛ ዕብራይስጡን የምናውቀው አብረን ሄደን ማስተርጎም ነበረብን። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ልጁ ለራሱ ጉዳይ አስተርጓሚ አይሁን!

ሌላው የሚያሳስት ነገር ስም ነው። «ሀንደሳይ» እና «መሐንዲስ» ለጆሮ ይመሳሰላሉ። ሀንደሳይ ብዙውን ጊዜ በ13ኛና በ14ኛ ክፍል ወይም በሚኽላላ በሁለት ዓመት ገደማ የሚገኝ ዲፕሎማ ነው። መሐንዲስ ግን 4 ዓመት ተምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ የያዘ ነው። ሀንደሳይነት የተከበረ ሙያ ነው፤ አንዳንድ ሚኽላላዎችም ሀንደሳይ የሆነ ተማሪ ዲግሪ ሲቀጥል ከተወሰኑ ትምህርቶች ነፃ ያደርጉታል። ብቻ አንዱን ለሌላው መስሎን አንፈርም።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። በሐይፋ የሚገኘው ቴክኒዮን ማስተማር የጀመረው በ1924 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በ1913 «የሚያስተምረው በጀርመንኛ ይሁን በዕብራይስጥ?» በሚል ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ በመጨረሻም ዕብራይስጥ አሸነፈ። በዚህ አገር ስለ ትምህርት መጠየቅና መከራከር ነውር እንዳልሆነ ከዚህ እንማር። በደቡብ በ1969 የተቋቋመው የቤንጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ በቤርሼቫ አለ፤ በመሀል የቴልአቪቭ ዩኒቨርሲቲ አለ። ሚኽላላዎችም አሉ፦ በካርሚኤል ብራውዴ፣ በቤርሼቫና በአሽዶድ ሳሚ ሻሙን፣ በቴልአቪቭ አፌካ፣ በኢየሩሳሌም አዝሪኤሊ። እነዚህም የሚሰጡት ዲግሪ በከፍተኛ ትምህርት ምክር ቤት (ማላግ) የታወቀ ነው።

ከምናውቃቸው ወጣቶች አንዱ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ ገባ። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ፈተና ወደቀ። ለሰፈሩ ሁሉ ተነግሮ ስለነበር አፈረ፤ ለማንም ሳይናገር ዕቃውን ጠቅልሎ ወጣ። የተማሪዎች ዲን ጽ/ቤት ነፃ አስጠኚ እንደሚሰጥ የነገረው አልነበረም። በኋላ ሚኽላላ ገብቶ፣ እያስጠኑት ጨረሰ፤ ዛሬ መሐንዲስ ነው። ስለዚህ «የትኛው ይበልጣል?» ከማለት «ልጃችን የትኛው ቦታ ይጨርሳል?» ማለት ይሻላል።

የጉብኝት ቀን (ዮም ፓቱአሕ) ሲደረግ ከልጆቻችሁ ጋር ሂዱና እነዚህን ጠይቁ፦

አንደኛ፣ ዲግሪው በማላግ የታወቀ ነው ወይ?
ሁለተኛ፣ ልጁ የሚፈልገው የምህንድስና ዘርፍ አለ ወይ? ለምሳሌ ሲቪል ምህንድስና በሁሉም ቦታ አይሰጥም።
ሦስተኛ፣ ከጀመሩት ውስጥ ስንቶቹ ይጨርሳሉ?
አራተኛ፣ በመጀመሪያው ዓመት በሒሳብና በፊዚክስ ለደከመ ተማሪ ምን እርዳታ አለ?
አምስተኛ፣ መዖኖት ይገኛል ወይ? በየቀኑ ሦስት ሰዓት አውቶቡስ ላይ የሚያሳልፍ ልጅ የሚያጠናው መቼ ነው?

ስለ ፕሲኮሜትሪም አንድ ቃል። ነጥቡ ከ200 እስከ 800 ነው። ዝቅ ያለ ነጥብ ያገኘ ልጅ «አበቃ» አይበል፤ ደግሞ መፈተን ይችላል። በ10ኛ ክፍል የተሳሳተው መንገድም የሚቃናበት መኺና አለ፤ ሒሳቡን፣ ፊዚክሱንና እንግሊዝኛውን እንደገና ያስተምራል። ጊዜ ይወስዳል እንጂ በሩ አልተዘጋም።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ለዓሊያ ተማሪዎች የሚረዳውን ሚንሀል ሀስቱደንቲምን ጠይቁ፤ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ያሏቸው የዚህ አገር ተወላጆችም ይጠይቁ። ከጦር ሠራዊት የተሰናበተ ወጣት ፒካዶኑን ለትምህርት ክፍያ ማዋል ይችላል። በፔራሕ ሕፃናትን የሚያስጠና ተማሪም የትምህርት እርዳታ ያገኛል። አደራ፣ ፒካዶኑ በድግስና በመኪና አይለቅ!

ወላጆቻችን፣ ዕብራይስጡ ቢያስቸግራችሁም «ልጄ ስንት የሒዶት ነው የሚማረው?» የምትለዋን አንዲት ጥያቄ አትርሱ። በዚህ ሳምንት ት/ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁ እኛን ጥሩን፤ አብረን እንሄዳለን።