ውሉ ለሁለት ወገን ይሁን
(በማህበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንወስነው የትምህርት ድጋፍ ገንዘባችን የሕክምና ተማሪዎችን እንዴት ይርዳ በሚለው ላይ ነው። "የምንረዳው ተማሪ በመንግሥት ሆስፒታል አምስት ዓመት ለማገልገል ይፈርም" የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እጃችንን ከማውጣታችን በፊት የቤቴን ጉዳይ ልንገራችሁ።

ልጄ ሐኪም ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ የኢንተርን ዓመቱን ጨርሶ፣ ከእኛ ብዙ በማይርቅ የወረዳ ሆስፒታል ተመደበ። ግዴታውን እንደጨረሰ ለቅቆ አዲስ አበባ በግል ክሊኒክ ተቀጠረ። ጎረቤት "መንግሥት አስተምሮት ጥሎ ሄደ" ሲል አንገቴን ደፋሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ የጎረቤቴ ምራት ምጥ ጠናባት። ሌሊት ወደዚያው ሆስፒታል አብሬያት ሄድኩ። ኦፕራሲዮን የሚያደርግ ስላልነበረ ሪፈር ተባልን። በአምቡላንስ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። እናቲቱ ተረፈች፣ ሕፃኑ አልተረፈም።

በማግስቱ ለልጄ ደውዬ "አንተ ብትኖር ኖሮ!" አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና "እማዬ፣ እኔም እዚያ እያለሁ ማደንዘዣ የሚሰጥ ባለሙያ ስለሌለን ሪፈር የጻፍኩላቸው ብዙ ናቸው" አለኝ። ያኔ ሌላውም ትዝ አለኝ። የመጀመሪያ ደመወዙ እስኪደርስ ወራት አልፈው ነበር፤ የቤት ኪራዩን የከፈልኩት እኔ እንጀራ ሸጬ ነው። የተረኝነት ክፍያውም ተጠራቅሞ ሳያገኘው ሄደ።

እህቶቼ፣ ማስፈረም አዲስ ነገር አይደለም። ተመራቂው ከደመወዙ እንዲከፍል የሚያደርገው የወጪ መጋራት ደንብ ከወጣ 20 ዓመት አልፎታል። ሐኪሞችም የአገልግሎት ግዴታቸውን ሳይጨርሱ ዋናውን ዲግሪ የማያገኙበት ጊዜ ነበር። ውል ግን ሰውን የሚያቆየው እስከሚያልቅበት ቀን ብቻ ነው።

ቁጥር ማብዛትም ብቻውን አልበቃም። በ2004 ዓ.ም. 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ ተከፈቱ። ተመራቂው በዛ፤ ዛሬ ግን በአንድ በኩል ቅጥር ያጣ ወጣት ሐኪም አለ፣ በሌላ በኩል ሐኪም ያጣ ሆስፒታል አለ።

የቀደሙት አንድ ነገር ገብቷቸው ነበር። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን ለገጠር ጤና ጣቢያ በቡድን ያሠለጥን ነበር። ብቻውን የተላከ ሰው እንደማይዘልቅ ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንድንወስን እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ገንዘባችን ተማሪው በጣም በሚቸገርበት ጊዜ ይዋል፦ በኢንተርን ዓመቱ፣ እንዲሁም ከምደባ በኋላ ደመወዝ እስኪደርሰው ባሉት ወራት ለቤት ኪራይ።

ሁለተኛ፣ ለሴት ሐኪሞች ቅድሚያ እንስጥ። ሌሊት ለተረኝነት የምትጠራ ልጅ ከሆስፒታሉ አጠገብ ቤት ያስፈልጋታል። ያንን ቤት ማፈላለግና ማከራየት አባሎቻችን የሚችሉት ሥራ ነው።

ሦስተኛ፣ ውሉ ለሁለት ወገን ይሁን። ሐኪሟ ለማገልገል ትፈርም፤ ሆስፒታሉና የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትም የተረኝነት ክፍያዋን በጊዜው ለመክፈል፣ ማደንዘዣ ሰጪና አዋላጅ ለማሟላት፣ ለስፔሻሊቲ ስትወዳደር ስፖንሰር ለመሆን ይፈርሙ። ስፔሻሊስት ሆና ለእኛው ትመለሳለች።

ደጋፊዎቻችን "ገንዘባችን ስንት ሐኪም አስመረቀ?" ብላችሁ ትጠይቁናላችሁ፤ ተገቢ ነው። ከዚያ ጋር ግን "ከሦስት ዓመት በኋላ ስንቶቹ በቦታቸው አሉ?" ብላችሁ ጠይቁን። እኛም በየዓመቱ በዚህ ጉባኤ እንመልስላችኋለን።

ልጄ ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባም። ነገር ግን ቀጥላ የምትመደበው ልጅ የሁላችንም ልጅ ናት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ያቺን ልጅ አንድ እናት እንጀራ ሸጣ ብቻዋን አታኑራት።