ከድፍድፉ ውስጥ ነጭ ሥር

እ.ኤ.አ. በ1991 የኢራቅ ጦር ኩዌትን ለቆ ሲወጣ ከ600 በላይ የነዳጅ ጉድጓዶችን አቃጠለ፤ በረሃው ላይ ጥቁር ኩሬ ተኛበት። የኩዌት ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሳሚር ራድዋንና ባልደረቦቻቸው በዚያ ድፍድፍ ነዳጅ በጠጣ አሸዋ ላይ የበቀሉ የዱር ዕፅዋትን ሲነቅሉ፣ ሥሩ ነጭና ንጹሕ ነበር። ለካ በሥሩ ዙሪያ የሰፈሩ ባክቴሪያዎች ነዳጁን ይበሉታል! ግኝቱ በ1995 በኔቸር መጽሔት ወጣ።

ነዳጅ ካርቦን ሞልቶታል፣ ናይትሮጅን ግን ያንሰዋል፤ ለባክቴሪያም ቢሆን ይህ ወጥ የሌለው እንጀራ ነው። የባቄላ ሥር ደግሞ ናይትሮጅንን ከአየር የሚይዙ ባክቴሪያዎችን ያስጠልላል። እናም የደጋ ገበሬያችን ገብስ ባደከመው ማሳ ላይ የሚዘራው ባቄላ፣ በኩዌትም ነዳጅ የነካውን አሸዋ ለማጽዳት ተሞከረ።