የበዓሉ ዕረፍት ለማን ነው?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አንዲት አባል ያደረገችው ንግግር)



ማርች 8 እንደ ሚያዝያ 23 በሕግ የታወቀ የዕረፍት ቀን እንዲሆን እንጠይቅ የሚል ሐሳብ ከአባላት ቀርቧል። እኔም እደግፈዋለሁ። ክላራ ዜትኪን እ.ኤ.አ. በ1910 ኮፐንሃገን ላይ የሴቶች ቀን ይኑር ስትል የሠራተኛ ሴቶችን ጥያቄ ይዛ ነበር። ለመብት የታገሉ ሰዎች የሚታሰቡበት ቀን ይገባቸዋል።

ሆኖም አስቀድመን በእጃችን ያለውን በዓል እንመልከት። የሚያዝያ 23 መነሻ እ.ኤ.አ. በ1886 የቺካጎ ሠራተኞች ያነሱት የስምንት ሰዓት ሥራ ጥያቄ ነው። በዚያ ሰበብ ከታሰሩት ታጋዮች አራቱ ተሰቅለዋል። በአገራችንም በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በየካቲት 1966 ዓ.ም. መጨረሻ አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ መርቷል። ዛሬ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ያዛል። በበዓል ቀን ለሠራ ሰው የሰዓት ደመወዙ እጥፍ ይከፈለዋል።

ይህ አዋጅ ግን በሰው ቤት የምትሠራዋን ልጅ አይጨምርም። የግል አገልግሎት ቅጥርን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲወሰን ትቶታል። ስለዚህ ሚያዝያ 23 ቀን እኛ ስናርፍ የእሷ ሥራ ይበዛል፤ እንግዳ ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ዕቃ ይታጠባል።

ከመካከላችን በሰው ቤት ሠርተን እዚህ የደረስን አለን። ዛሬ ሠራተኛ የቀጠርንም አለን።

እስቲ አሸንዳን አስቡ። በነሐሴ አጋማሽ የመቐለ ልጃገረዶች ተውበው፣ ከበሮ ይዘው ሲወጡ ማንም ሥራ አያዛቸውም። ይህን ነፃነት የሰጣቸው አዋጅ አይደለም፤ እናቶች ሥራውን ስለሚረከቧቸው ነው።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህንን ነው። በመጪው ሚያዝያ 23 ሠራተኛ ያለን ሁሉ ቀኑን ከነክፍያው እንስጣት፤ ምጣዱን እኛው እንጣድ። ስለ ማርች 8 በምንጽፈው ደብዳቤ ላይም የቤት ሠራተኞች ደንብ ይውጣ የሚል ጥያቄ ይጨመር። ደጋፊዎቻችንም ለበዓል ቲሸርትና ባነር ከምትመድቡልን ላይ ጥቂቱን፣ እነዚህ ልጆች የሥራ ውላቸውን በጽሑፍ እንዲይዙ ለመርዳት እንድናውለው ፍቀዱልን።

ይህ ካልሆነ ማርች 8 ቢታወጅም አንዲት ሴት አርፋ ሌላዋ ሴት የምትደክምበት ቀን እንዳይሆን እሰጋለሁ።