ከቁስሉ ሥር ያለው፦ የፈረስ እግር ቁስልን ስለማስታመም
(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



አገራችን ለፈረስ የሰጠችውን ክብር ለማስታወስ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ የተባሉት በፈረሶቻቸው ስም ነው። እንጅባራ ላይ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች ሲሰበሰቡ የተገኘ ሰው ደግሞ ይህ ክብር ዛሬም እንዳልጠፋ ያያል። እኔ ግን ዛሬ የማነሣው ስሙ ከባለቤቱ ግቢ አልፎ ያልተሰማ አንድ የጋሪ ፈረስ ነው። ዳማ ነበር። ታሪኩን የምነግራችሁ ስላዳንሁት ብቻ አይደለም፤ ድኅነቱን ሁለት ወር ያህል ያዘገየሁትም እኔው ስለ ሆንሁ ነው።

ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ነው። በምሥራቅ ሸዋ በምትገኝ አንዲት መንገድ ዳር ከተማ እሠራ ነበር። ፈረሱ የጭነት መኪና ጥሩምባ አስደንብሮት የግራ የኋላ እግሩን በቆርቆሮ አጥር ውስጥ ከቶ ሲጎትት፣ ከቋንጃው በታች ያለው የፊት ቆዳ እንደ ካልሲ ተገፎ ወረደ። ሲያመጡልኝ በቁስሉ መካከል አንድ ሽልንግ የሚያህል ዐጥንት ነጭ ሆኖ ይታይ ነበር። ይህን ነጭ ነገር እባካችሁ አስታውሱት፤ እኔ ረስቼው ነበር።

የፈረስ እግር እንደ ሌላው አካሉ በቶሎ የማይድንበት ምክንያት አለው። ከጉልበቱና ከቋንጃው በታች ጡንቻ የለውም ማለት ይቻላል፤ ያለው ቆዳ፣ ጅማትና ዐጥንት ነው። ቁስል የሚዘጋው በሁለት መንገድ ነው፤ ዙሪያው ወደ መሐል በመሰብሰብና ከጠርዙ አዲስ ቆዳ እየሳበ በመሸፈን። በጎንና በደረት ላይ ያለ ቁስል እንደ ከረጢት አፍ ይሰበሰባል፤ ጠባሳውም ያንሳል። በእግር ላይ ግን ቆዳው ተወጥሮ የሚኖር ስለ ሆነ ቁስሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይባስ ብሎ ይሰፋል። ባለፈረሱ ይህን አይቶ «ሕክምናው አባሰው» ቢል አትፍረዱበት፤ አስቀድማችሁ ንገሩት። አዲሱም ቆዳ በእግር ላይ በቀን ከ0.1 ሚሊሜትር እምብዛም አይራመድም፤ በጎን ላይ የዚያን እጥፍ ያህል ይሄዳል። ስሌቱን ሥሩት፦ 6 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ቁስል ከሁለት ጠርዝ በዚህ እርምጃ ብቻ ቢሸፈን 300 ቀን ይፈጃል። መሰብሰቡ የተወሰነ ስለሚያግዝ ቀኑ ያጥራል፤ ሆኖም ነገሩ የሳምንታት ሳይሆን የወራት ጉዳይ ነው።

በኔዘርላንድስ ዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ጃሲንታ ዊልሚንክና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ትልልቅ ፈረሶችንና ፖኒ የሚባሉትን ድንክ ፈረሶች አነጻጽረው ነበር። የፖኒው ቁስል መጀመሪያ ላይ በኃይል ይቆጣል፤ ከዚያ ቶሎ ይበርዳል፤ በደንብም ይሰበሰባል። የትልቁ ፈረስ ቁስል ቁጣው ደካማ ነው፤ ግን አይበርድም፤ ለወራት ይጨሳል። በዚያ ጭስ ላይ ነው ትርፍ ሥጋ የሚበቅለው። የእኛ አገር ፈረሶች በቁመታቸው ወደ ፖኒ ይጠጋሉና እንደ ፖኒ ይድናሉ ብሎ መተማመን ግን አይገባም፤ ቁመት መለካትና ቁስል መለካት ለየቅል ናቸው።

ወደ መጀመሪያው ቀን ልመለስ። ደም የሚፈስ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መያዝ፤ ከዚያ ማጠብ። ለማጠቢያ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በሊትር 9 ግራም ጨው ተጨምሮበት ከብዙ ውድ መድኃኒት ይበልጣል። በትልቅ ሲሪንጅ ገፋ እያደረጉ ብዙ ሊትር ማፍሰስ ነው፤ አንድ ኩባያ ውሃ ማጠብ አይባልም። አዮዲን ከገባበት የሻይ ቀለም እስኪመስል ይቅጠን። የተቃጠለ የመኪና ዘይት፣ አመድ፣ የጋለ ብረት፣ የባትሪ ውሃ ያየሁበት ቁስል ብዙ ነው፤ እነዚህ ሁሉ ጀርሙን ከሚገድሉት ይልቅ ሊያድን የመጣውን አዲስ ሕዋስ ይገድላሉ። ማርን ግን ከእነዚህ ጋር አልደምረውም። ባልጠራ ቁስል ላይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚጠቅም መሆኑን ጥናትም ደግፎታል፤ እናቶቻችን ያወቁት ነገር ነው። ይሁን እንጂ ማር የመታጠብን ቦታ አይተካም።

በዚያው ቀን ሁለት ነገር ሳይጣራ መሄድ የለበትም። አንደኛው መገጣጠሚያው ነው። ቁስሉ ትንሽ ሆኖ ፈረሱ እግሩን ጨርሶ መርገጥ ካቃተው፣ ወይም እንደ እንቁላል ውሃ የሚሳብ ቢጫ ፈሳሽ ከታየ፣ የመገጣጠሚያው ከረጢት ተበስቷል ብላችሁ ፍሩ። እንዲህ ያለው ጉዳይ በሰዓት የሚቆጠር ነው፤ ለነገ የሚባል አይደለም። ሁለተኛው መንጋጋ ቆልፍ ነው። ከቤት እንስሳት ሁሉ ለዚህ በሽታ የፈረስን ያህል የተጋለጠ የለም፤ ያልተከተበ ፈረስ በዚያኑ ቀን መከላከያውን ማግኘት አለበት። በሞቃትና እርጥበት ባላቸው ከተሞቻችን ላሉ ባለጋሪዎች አንድ ነገር ልጨምር፦ በቆዳ ሥር እንደ መቁጠሪያ እየተደረደረ የሚያብጠውና የሚፈነዳው የፈንገስ በሽታ የሚገባው በተከፈተ ቁስል ነው። ስለዚህ ዝንብ መከላከልና የአንዱን ፈረስ ዕቃ ለሌላው አለማዋስ የቁስል ሕክምና አካል ነው።

ስለ ፋሻ። ሦስት ድርብ ነው፦ ከቁስሉ ጋር የማይጣበቅ ስስ ጨርቅ፣ በላዩ ወፍራም ጥጥ፣ በላዩ የሚይዝ ማሰሪያ። ጥጥና ፋሻ በጠፋበት ጊዜ ተቀቅሎ በፀሐይ የደረቀ አሮጌ ነጠላ ሠርቶልኛል። ጥጡ ከሳሳ ማሰሪያው ጅማቱን ይቆርጣል፤ ስለዚህ ከጥጥ አትቆጥቡ። ኮቴው እየቀዘቀዘ ከሄደ፣ ከማሰሪያው በላይ እብጠት ከታየ ወይም ፈረሱ ፋሻውን ደጋግሞ ከነከሰ፣ ሌሊትም ቢሆን ፍቱት። መጀመሪያ በየቀኑ፣ ፈሳሹ ሲቀንስ በየሁለት ሦስት ቀኑ ይቀየራል።

በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀይ እንደ ሮማን ፍሬ የፈካ ሥጋ ከሥር መነሣት ይጀምራል። ይህ ሥጋ ወዳጅ ነው፤ ጀርምን ይከላከላል፤ ለአዲሱም ቆዳ ወለል ይሆናል። ወዳጅነቱ ግን ከቆዳው ጠርዝ ጋር እኩል እስኪሆን ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ቆዳው ሊወጣው የማይችል ገደል ይሆናል። በዚህ ላይ ተማሪዎችን ሁልጊዜ የሚያስቸግር ነገር አለ፤ ያን ሁሉ ያመሰገንሁት ፋሻ ራሱ፣ ሥጋው ከሞላ በኋላ ትርፍ ሥጋን ያበረታታል። ታዲያ ይፈታ? አፈር፣ ዝንብና የፈረሱ የራሱ ጥርስ ባሉበት መፍታትም ችግር ነው። የእኔ ልማድ ፋሻውን ትቶ መሄድ ሳይሆን ትርፉን እየተከታተሉ መከርከም ነው። ሥጋው ነርቭ የለውም፤ ሲቆረጥ ፈረሱ አይሰማውም። ደሙ ግን ብዙ ነው፤ ደሙ እይታን እንዳይጋርድ ከታች ወደ ላይ ይቆረጣል፤ በአዲሱም ቆዳ ጠርዝ ላይ ስለት አይደርስም። ያ ሐመር፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ጠርዝ የወራት ሥራ ነው። ኮፐር ሰልፌት የሚነሰንስ ሰው ትርፉን ሥጋ ሲያቃጥል እርሱንም አብሮ ያቃጥለዋል።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ። የዳማው ቁስል በስድስተኛው ሳምንት ትርፍ ሥጋ አወጣ። ከረከምሁት፤ ተመለሰ። ደግሜ ከረከምሁት፤ ተመለሰ። በሦስተኛው ጊዜ ባለፈረሱን ወቀስሁት፤ «ሳላዝዝ ጋሪ አስጎትተኸዋል» አልሁት። በዕድሜ አባቴ የሚሆን ሰው ነው፤ «አንተ» ማለቴ ዛሬም ያሳፍረኛል። እርሱ አልተቆጣም። ጎንበስ ብሎ ቁስሉን በጣቱ አመለከተኝና «ዶክተር፣ ይኼ ቁስል ሁልጊዜ የሚያለቅሰው በአንድ ዓይኑ ነው፤ ልብ ብለውልኛል?» አለኝ።

ልብ አላልሁም ነበር። በሥጋው መካከል መርፌ የምታስገባ አንዲት ቀዳዳ ነበረች፤ መግል ሁልጊዜ የሚወርደው ከእርሷ ነው። በብረት መፈተሻ ገባሁ፤ ጫፉ ደረቅ ነገር ነካና «ቅጭ» አለ። ያ ሽልንግ የሚያህል ነጭ ዐጥንት! ዐጥንት የለበሰው ስስ ሽፋን ሲገፈፍና ላይኛው ክፍሉ ሲደርቅ፣ ያ ቁራጭ ሞቶ ከሕያው ዐጥንት ይለያል። አካል የሞተ ዐጥንትን እንደ ባዕድ ነገር ይቆጥረዋል፤ ሊያወጣው ይታገላል፤ ቁስሉ አይዘጋም፤ ሥጋውም ያለ ልክ ያብባል። ኤክስሬይ ባለበት፣ ከአደጋው ከ3 ሳምንት ገደማ ጀምሮ ይታያል፤ ከዚያ ቀደም ብሎ የተነሣ ፎቶ ምንም ባያሳይ መጽናኛ አይሆንም። እኔ ጋ ኤክስሬይ አልነበረም፤ የነበረኝ ዓይንና የመጀመሪያ ቀን ማስታወሻ ነው። በማስታወሻው ላይ «ዐጥንት ተጋልጧል» ብዬ በራሴ እጅ ጽፌ ነበር።

ቁራጩን በማደንዘዣ አወጣነው። የጥፍር ያህል ውፍረት ያለው፣ ጠርዙ የተበላ፣ ቢጫ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ትርፍ ሥጋውን አንድ ጊዜ ብቻ ከረከምሁ። አልተመለሰም።

ለተማሪዎች፦ የማይድን ቁስል ሲገጥማችሁ ቅባት ከመቀየራችሁ በፊት ከሥሩ ምን እንዳለ ፈልጉ። የሞተ ዐጥንት፣ የተረሳ የቆርቆሮ ስንጣሪ፣ የእንጨት ስንጥር፣ የተጎዳ ጅማት፣ አልፎ አልፎም ዕጢ ይሆናል። ከመታጠፊያ ላይ ከሆነ ደግሞ እንቅስቃሴው ራሱ በቂ ምክንያት ነው። ቦታው ሰፊ ሆኖ ቆዳው ካልደረሰ፣ ከአንገት ላይ ከጋማው ሥር ትንንሽ የቆዳ ቁንጥሮች አንሥቶ በቀዩ ሥጋ ውስጥ መትከል ይቻላል። ዘዴውን ስዊሳዊው ዣክ ሉዊ ሬቨርዲን እ.ኤ.አ. በ1869 በሰው ላይ ያስተዋወቀው ነው፤ በፈረስ ላይ ቀላልና ርካሽ ሆኖ ቆይቷል።

ስለ ሌላው እግር ካልተናገርሁ ግማሹን ተውሁ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2006 በአሜሪካ የኬንታኪ ደርቢን ያሸነፈው ባርባሮ በሁለት ሳምንቱ በሌላ ውድድር ላይ የቀኝ የኋላ እግሩ ተሰበረ። የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ስብራቱን በብረት ጠግነው ብዙ ወር አስታመሙት። ጥር 29 ቀን 2007 በሞት እንዲያርፍ የተወሰነው ግን ክብደት የተሸከሙት ሌሎች እግሮቹ ኮቴ ውስጡ ስለ ተቃጠለ ነው። ያ ስብራት ነው፤ የእኛው ቁስል ነው፤ ሕጉ ግን አንድ ነው፦ ሐኪም የታመመውን እግር ሲያይ፣ ፈረሱ በጤነኛው ቆሞ ይውላል። በየቀኑ የጤነኛውን ኮቴ ሙቀት በእጃችሁ ዳስሱ። ቆሞ ለሚውል ፈረስ ገብሱን ቀንሱ፤ ድርቆሹን አብዙ። ከሥሩ ለስላሳ ገለባ አንጥፉለት።

ይህን ሁሉ ስናገር ከፊት ረድፍ የተቀመጡት ባለጋሪዎች ምን እንደሚያስቡ ይገባኛል፤ «አምስት ወር ቆሞ የሚበላ ፈረስ ማን ይቀልባል?» ነው። ልክ ናችሁ። በከተሞቻችን ዳር ቆስለው የተለቀቁ ፈረሶች ለጅብ የሚቀሩት ባለቤቶቻቸው ጨካኝ ስለ ሆኑ አይደለም፤ ፈረሱ ሲቆም የቤቱ እንጀራ ስለሚቆም ነው። ስለዚህ ሐኪም በመጀመሪያው ቀን እውነተኛውን የጊዜ ርዝመት መናገር አለበት። እኔ ለዚያ ሰው «አንድ ወር» ብዬው ነበር። ስምንት ወር ፈጀ። አንድ ወር ነው ብሎ ጋሪውን ለጎረቤት አከራየ፤ በአራተኛው ወር ሸጠው። ፈረሱን ግን አልሸጠውም። እውነቱን አስቀድሜ ብነግረው ምናልባት ሁለቱንም በሌላ መንገድ ያቆይ ነበር።

ፈረሱ ዳነ። ጠባሳው ጠጕር አላበቀለም፤ ጥቁርና አንጸባራቂ ሆኖ ቀረ፤ በቀላሉ ስለሚላጥ ቅባት ይፈልጋል። ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ በእጅ እየተሳበ በቀን አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ሃያ፣ ከዚያ ባዶ ጋሪ ነበር። ጋሪውን ያበደረው ያው የገዛው ጎረቤት ነው።

ከመግባቴ በፊት ውጭ ሦስት ፈረሶች ታስረው አይቻለሁ፤ የአንደኛው የፊት እግር በነጠላ ተጠቅልሏል። ከጥያቄው በኋላ ተማሪዎቹም ይምጡና አብረን ፈትተን እናየዋለን።