ካቻቢቴ ከማንሣት በፊት
በፕሮግራም የሚሠራ ራዲዮ ብልሽት አፈላለግ

(በሐዋሳ ከተማ፣ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)




የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ አዲስ መሣሪያና ስለ አንድ አሮጌ ሙያ ነው። መሣሪያው ባለሙያዎች «ሶፍትዌር ዲፋይንድ ራዲዮ» የሚሉት፣ እኛ በፕሮግራም የሚሠራ ራዲዮ ልንለው የምንችለው ነው። ሙያው ደግሞ ብልሽትን ፈልጎ የማግኘት ሙያ ሲሆን፣ በአገራችን ራዲዮ ጠጋኞች ዘንድ ከቫልቭ ራዲዮ ዘመን ጀምሮ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የመጣ ነው። ማስረዳት የምፈልገው አሮጌው ሙያ ለአዲሱ መሣሪያ እጅግ እንደሚያስፈልገው ነው።

ጉዳዩን ማንሣት ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። አንድ ተማሪ ወይም ጀማሪ ባለሙያ ከመሣሪያው የሚጠብቀውን ድምፅ ሲያጣ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ፍርዶች አንዱን ይሰጣል። ወይ «ዕቃው ተቃጥሏል» ብሎ ይጥለዋል፤ ወይ «ጥፋቱ የኮዱ ነው» ብሎ ደህናውን ፕሮግራም ሲያፈርስና ሲገነባ ይሰነብታል። የመጀመሪያው ፍርድ ገንዘብ ያስወጣል፤ ተተኪው ዕቃ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶና ጉምሩክ አልፎ እስኪደርስ የትምህርት ዘመኑ ሊያልቅ ይችላል። ሁለተኛው ጊዜንና ተስፋን ይበላል። ከሁለቱም የሚከፋው ግን መሣሪያው የተሳሳተ መልስ እየሰጠ ትክክለኛ መስሎ ሲታይ ነው። የድሮው ራዲዮ ሲበላሽ ይጮኻል፣ ይግላል፣ ይሸታል። የተሳሳተ ኮድ ግን አይሸትም።

የመሣሪያው ታሪክ በአጭሩ የሚከተለው ነው። «ሶፍትዌር ራዲዮ» የሚለውን ስያሜ ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ጆሴፍ ሚቶላ ሲሆን፣ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነበር። ግኑ ራዲዮ የተባለው ነጻ የፕሮግራም ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2001 ተጀመረ። ይሁን እንጂ መሣሪያው ከታላላቅ ቤተ ሙከራዎች ወጥቶ ወደ ተማሪ ጠረጴዛ የወረደው እ.ኤ.አ. በ2012 ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ ለዲጂታል ቴሌቪዥን መቀበያነት የተሠራች፣ አርቲኤል 2832ዩ የተባለ ቺፕ የያዘች አውራ ጣት የምታህል ዕቃ፣ ጥሬ የሞገድ ናሙና ለኮምፒዩተር ማቀበል እንደምትችል ታወቀ። እኛም ዛሬ ምሳሌዎቻችንን በዚችው ዕቃ ላይ እንመሠርታለን።

የሲግናሉ መንገድ

ብልሽት ፈላጊ መጀመሪያ መንገዱን ማወቅ አለበት። ሞገዱ በአንቴና ይገባል፤ በማጉያና በማጣሪያ ያልፋል፤ ወደ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ይወርዳል፤ ከዚያም መለወጫው በሰከንድ፣ ለምሳሌ፣ 2.4 ሚሊዮን ጊዜ ይለካውና ቁጥር ያደርገዋል። እያንዳንዱ ናሙና «አይ» እና «ኪው» የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች አሉት፤ እነዚህም በዩኤስቢ ገመድ ወደ ኮምፒዩተሩ ይሻገራሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ስሌት ነው፤ ማጣራቱም፣ ናሙና መቀነሱም፣ ድምፁን ከሞገዱ መለየቱም በኮድ ይፈጸማል።

የጥንቶቹ ራዲዮ ጠጋኞች ትልቁ ብልሃት መንገዱን ከመካከል መክፈል ነበር። ከመካከል ላይ ደህና ሲግናል ካለ ብልሽቱ ወደ ድምፅ ማጉያው በኩል ነው፤ ከሌለ ወደ አንቴናው በኩል ነው። በአንድ ሙከራ የሥራው እኩሌታ ይቀንሳል። በእኛ መሣሪያ መካከሉ የት ነው ቢባል፣ ቁጥሮቹ ከዩኤስቢ ወጥተው በፋይል የሚቀመጡበት ቦታ ነው። በመሆኑም የመጀመሪያው ሥራ ካቻቢቴ ማንሣት አይደለም፤ ጥሬ ናሙናውን በፋይል መቅዳት ነው። ከዚያም ሁለት ጥያቄ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ በስሌት የሠራነውን፣ መልሱን አስቀድመን የምናውቀውን ሰው ሠራሽ ሲግናል ለኮዱ ብንሰጠው ትክክለኛውን መልስ ይመልሳል ወይ? ሁለተኛ፣ የቀዳነው ፋይል ራሱ ጤናማ ነው ወይ?

ፋይሉን መመርመር

የፋይሉ ጤንነት የሚታወቀው በቀላል ሒሳብ ነው። በሰከንድ 2.4 ሚሊዮን ናሙና ለ60 ሰከንድ ብንቀዳ 144 ሚሊዮን ናሙና መገኘት አለበት። እያንዳንዱ ናሙና ሁለት ባይት ስለሆነ ፋይሉ 288 ሚሊዮን ባይት ይሆናል። መቅጃው የሚቆመው በናሙና ቁጥር ሳይሆን በሰዓት ከሆነና ፋይሉ ከዚህ በግልጽ ካነሰ፣ ናሙና በመንገድ ጠፍቷል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ገመዱን ማሳጠር፣ ሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ መሞከር፣ ወይም የናሙናውን ፍጥነት መቀነስ ይገባል። ይህ ምርመራ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም።

ቀጥሎ ቁጥሮቹ እንዴት እንደተበተኑ ማየት ነው። የዚች ዕቃ መለወጫ ባለ 8 ቢት ስለሆነ ቁጥሮቹ ከ0 እስከ 255 ይደርሳሉ፤ መካከላቸውም 127.5 ነው። ቁጥሮቹ በብዛት 0 እና 255 ላይ ተከማችተው ከተገኙ ማጉያው ከልክ በላይ ተከፍቷል፤ ሲግናሉ ጫፍ ጫፉ ተቆርጧል። ከ126 እስከ 129 ባለው ጠባብ ቦታ ብቻ የሚርመሰመሱ ከሆነ ደግሞ ወይ ማጉያው ተዘግቷል፣ ወይ ከአንቴናው የሚመጣ ነገር የለም።

በሥዕሉ ላይ የማናውቀው ሹል ጫፍ ከታየ፣ የሚቃኘውን ፍሪኩዌንሲ ጥቂት እናንቀሳቅሰው። ጫፉ ከቅኝቱ ጋር አብሮ ከሄደ የተወለደው ከመቀበያው ውስጥ ነው፤ በራሱ ፍሪኩዌንሲ ላይ ጸንቶ ከቀረ ግን መቀበያው እንደ ውጭ ሲግናል ያያዋል ማለት ነው። ይህኛው እውነተኛ ጣቢያ ይሁን፣ ወይም ኃይለኛ ጣቢያዎች መቀበያውን አጨናንቀው የወለዱት ጥላ ይሁን ለመለየት፣ በአንቴናው በር ላይ 10 ዴሲቤል የሚቀንስ ማዳከሚያ እናስገባ። እውነተኛው ሲግናል 10 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል፤ ከመጨናነቅ የሚወለደው የተለመደው ጥላ ግን 30 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል። ከ925 እስከ 960 ሜጋ ኸርዝ የሚያሰራጭ የሞባይል ምሰሶ አጠገብ ለምንሠራ ሰዎች ይህ ሙከራ አስፈላጊ ነው።

የክሪስታል ጉዳይም አለ። የዕቃዋ ሰዓት ባለ 28.8 ሜጋ ኸርዝ ክሪስታል ነው። ይህ ክሪስታል በሚሊዮን 50 ቢሳሳት፣ በ98.1 ሜጋ ኸርዝ ላይ ስሕተቱ 4.9 ኪሎ ኸርዝ ያህል ነው፤ በ1090 ሜጋ ኸርዝ ላይ ግን 54.5 ኪሎ ኸርዝ ይሆናል። ከዚህ የሚገኘው ደንብ፣ ፍሪኩዌንሲው ከፍ ባለ ቁጥር በዚያው መጠን የሚያድግ ስሕተት የክሪስታል መሆኑን ያመለክታል፤ በሁሉም ቦታ እኩል የሆነ ስሕተት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኮዱ ውስጥ ያለ ነው። ዕቃው እስኪሞቅ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆዩ መለካትም አይገባም።

ሁለት በሽታ፣ አንድ ምልክት

አሁን ወደ ኮዱ እንሻገር፤ ከአዲስ አበባ አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ኤፍ ኤም አዲስ በ97.1፣ ፋና ኤፍ ኤም በ98.1 ሜጋ ኸርዝ ይሰማሉ። እነዚህን ጣቢያዎች ሐዋሳ ላይ በአንቴና ባንይዛቸውም፣ እዚያ የተቀዳ ፋይል ካለን እዚህ ቁጭ ብለን መመርመር እንችላለን፤ የአዲሱ መሣሪያ ትልቁ በረከት ይህ ነው።

መቀበያው መካከሉን 97.6 ላይ አድርጎ ቀድቷል እንበል። 97.1ን ለመስማት ስንቃኝ የምንሰማው ፋናን ሆነ። ለምን? አንዱ ምክንያት ኮዱ «አይ» እና «ኪው»ን አቀያይሮ ማንበቡ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ሥዕሉ እንደ መስተዋት ይገለበጣል፤ ከመካከሉ 0.5 ሜጋ ኸርዝ በላይ የነበረው 0.5 በታች ይሆናል። ሁለተኛው ምክንያት ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። ኮዱ 2.4 ሚሊዮኑን ናሙና በ12 ከፍሎ ወደ 200 ሺህ ሲያወርድ አስቀድሞ ካላጣራ፣ ከቅኝቱ በ200 ኪሎ ኸርዝ ብዜት የራቀ ሲግናል ሁሉ ተጣጥፎ ቅኝቱ ላይ ይወድቃል። በሁለቱ ጣቢያዎች መካከል ያለው 1000 ኪሎ ኸርዝ ደግሞ የ200 አምስት እጥፍ ነው። በመሆኑም ፋና በትክክል በኤፍ ኤም አዲስ ላይ ይደረባል፤ በኤፍ ኤም ጠባይ ብርቱው ደካማውን ስለሚያሸንፍ የምንሰማው ብርቱውን ነው።

እንግዲህ ምልክቱ አንድ ሲሆን በሽታው ሁለት ነው። በግምት አንዱን መርጦ ኮዱን የሚለውጥ ሰው ደህናውን ሊያበላሽ ይችላል። የሚለያቸው ሙከራ ግን ቀላል ነው፤ መካከሉን ወደ 97.4 አዛውሮ እንደገና መቅዳት ነው። በሽታው መገልበጥ ከሆነ ፋና ወደ 96.7 ይሸሻል፣ 97.1 ላይም አይሰማም። በሽታው ሳያጣሩ መቀነስ ከሆነ ግን በጣቢያዎቹ መካከል ያለው ርቀት ስላልተለወጠ ፋና እዚያው 97.1 ላይ ይገኛል። ለዚህኛው ማረጋገጫ ናሙናውን በ12 ፋንታ በ10 ከፍሎ ወደ 240 ሺህ ማውረድ ነው፤ ያን ጊዜ ፋና ከቅኝቱ 40 ኪሎ ኸርዝ ፈቀቅ ይላል። በአማርኛ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

በዚሁ ዘዴ የሚንጠባጠብ ድምፅንም መመርመር ይቻላል። ኮዱ በአንድ ጊዜ 240 ሺህ ናሙና እያነሣ የሚሠራ ከሆነና በሰከንድ 10 ጊዜ «ጧ» የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ ማጣሪያው በየመጀመሪያው ትዝታውን እየጣለ እንደሆነ እንጠርጥር። መጠኑን ወደ 120 ሺህ ስናወርደው ድምፁ በሰከንድ 20 ጊዜ ከሆነ ጥርጣሬው ተረጋገጠ። በ50 ወይም በ100 ኸርዝ የሚያጉረመርም ድምፅ ግን መጀመሪያ የሚፈለገው በመብራት መስመሩና በኃይል ሰጪው ነው። ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ነቅሎ በባትሪ መስማት በአንድ ደቂቃ መልስ ይሰጣል።

ከሰማይ የሚመጣ ዳኛ

እዚሁ ከተማችን ላይ ለመለማመድ የሚመች ሲግናል አለ። ኤዲኤስ ቢ የተገጠመላቸው አውሮፕላኖች ማንነታቸውንና ያሉበትን ቦታ በ1090 ሜጋ ኸርዝ ይናገራሉ። የዚህ ሞገድ ርዝመት 27.5 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ የሩብ ሞገድ አንቴና 6.9 ሴንቲ ሜትር ያህል የመዳብ ሽቦ ይበቃዋል። መልእክቱ የ8 ማይክሮ ሰከንድ መግቢያና የ112 ቢት አካል አለው፤ የመጨረሻዎቹ 24 ቢቶች የስሕተት ማረጋገጫ ናቸው። ለብልሽት ፈላጊ ይህ እንደ ዳኛ ነው። መግቢያው በብዛት ተገኝቶ ማረጋገጫው አንድም ጊዜ ካልገጠመ ኮዱን ወይም የናሙናውን ሰዓት እንመርምር። መግቢያው ጭራሽ ካልተገኘ ወደ አንቴናው እንሂድ። ይህም ቢሆን በሰማዩ ላይ አውሮፕላን መኖሩን ካረጋገጥን በኋላ ነው፤ በባዶ ሰማይ ሥር ደህና መሣሪያ ዝም ቢል ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፣

ከዚህ ሁሉ ተነሥቼ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዳችን የብልሽት መዝገብ እንያዝ፤ ምልክቱ፣ የተደረገው ሙከራ፣ የተገኘው መልስ ይጻፍ። በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አይለወጥ፤ ሁለት ነገር ለውጦ የዳነ መሣሪያ በምን እንደዳነ አይታወቅምና። ሁለተኛ፣ ማኅበራችን ጤናማነታቸው የተረጋገጠ ጥሬ ቅጂዎችን ያሰባስብ፤ ዕቃ ያልደረሰው ተማሪም ኮዱን በእነርሱ ላይ ይፈትን። በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ የመካከሉ ፍሪኩዌንሲ፣ የናሙናው ፍጥነት፣ የማጉያው መጠን፣ ቀኑና ቦታው ይጻፍ፤ እነዚህ ያልተጻፉበት ፋይል ለሌላ ሰው ዲዳ ነው። ከመቀበል አልፎ ለማሰራጨት የሚነሣ ቢኖር ደግሞ የፍሪኩዌንሲ አስተዳደር በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተሰጠ መሆኑን ያስታውስ፤ ፈቃድ ሳይዝም አይጀምር።

ዕቃ መግዛት በአቅም ይወሰናል፤ ሥርዓት ያለው ምርመራ ግን ከማንም አይገዛም፣ ከማንም አያንስብንም። «ተቃጥሏል» የሚለው ቃል ከእንግዲህ በመካከላችን የምርመራ መጀመሪያ ሳይሆን፣ ማስረጃ ቀርቦበት የሚነገር የመጨረሻ ፍርድ እንዲሆን አደራ እላለሁ።