ስማርት ሶኬትና የቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ጥንቃቄ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የኤሌክትሪክ መብራት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ከገባ ጀምሮ የቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲታዘዝ የኖረው በእጅ ነው። ማብሪያ ማጥፊያውን የሚጫን ወይም ስፒናውን ከሶኬት የሚነቅል ሰው በዚያው ክፍል ውስጥ መገኘት ነበረበት። ይህም እንደ ድካም ቢቆጠርም፣ በውስጡ አንድ ትልቅ ጥንቃቄ ነበረው፤ የሚያበራው ሰው የሚበራውን ነገር በዓይኑ ያየዋል። ካውያው በልብስ ላይ ተኝቶ እንደ ሆነ፣ ምጣዱ አጠገብ ሕፃን ቆሞ እንደ ሆነ፣ ገመዱ ተልጦ እንደ ሆነ ሳያይ የሚያበራ አልነበረም።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ስማርት ሶኬት የሚባለው መሣሪያ በየሱቁ መታየትና በየቤቱ መገባት ጀምሯል። መሣሪያው በግድግዳው ሶኬትና በዕቃው ስፒና መካከል ይሰካል፤ ባለቤቱም በእጅ ስልኩ አማካይነት ከመኝታው ላይ ሆኖም ሆነ ከሌላ አገር የሳሎኑን መብራት ሊያበራና ሊያጠፋ ይችላል። ይህ ንግግር የሚመረምረው የመሣሪያውን ጥቅም ብቻ አይደለም። ዓይን ከእጅ ሲለይ የሚመጣውን አደጋና የባለሙያውን ግዴታ ጭምር ነው።

፩. የሐሳቡ አመጣጥ

የቤትን ዕቃ ከሩቅ የማዘዝ ሐሳብ ከኢንተርኔት በፊት የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በስኮትላንድ ግሌንሮዝስ ከተማ የነበረው ፒኮ ኤሌክትሮኒክስ የተባለ ኩባንያ ኤክስ ቴን የተሰኘውን ዘዴ ሠራ። ይህ ዘዴ አዲስ ሽቦ መዘርጋት ሳያስፈልገው፣ ትእዛዙን በዚያው በቤቱ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ በ120 ኪሎ ኸርዝ ምልክት ይልክ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮም በአሜሪካ ሱቆች ይሸጥ ጀመር። ሆኖም በመስመሩ ላይ የሚፈጠር ሁከት ምልክቱን ስለሚያበላሸው፣ መብራት ሳይታዘዝ መብራቱ፣ ታዝዞም አለመብራቱ የተለመደ ነበር።

ዛሬ ትእዛዙ የሚጓዘው በአየር ላይ፣ በአብዛኛው በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ዋይፋይ ነው። ይህን ያስቻለው ራዲዮንና ማስሊያን በአንድነት የያዙ ቅንጣት ቺፖች ዋጋቸው እጅግ መርከሱ ነው።

፪. በሣጥኑ ውስጥ ያለው

የአንድ ስማርት ሶኬት ሽፋን ቢከፈት በውስጡ በዋናነት ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው የ220 ቮልቱን ኃይል ወደ ጥቂት ቮልት የሚያወርድ ክፍል ነው። ሁለተኛው ትእዛዝ የሚቀበለው ቺፕ ነው። ሦስተኛው ሪሌይ ነው፤ ይኸውም በትንሽ ማግኔት ኃይል የሚከፈትና የሚዘጋ የብረት ንክኪ ነው። ለባለሙያው እጅግ ተፈላጊው ይህ ሦስተኛው ነው፤ የዕቃው ኃይል ሁሉ የሚያልፈው በዚህች ከሽንብራ በማትበልጥ ንክኪ በኩል ነውና።

በኤሌክትሪክ ሕግ እንደሚታወቀው፣ በአንድ ንክኪ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት የሚያድገው በአምፔሩ ልክ ሳይሆን በአምፔሩ ካሬ ልክ ነው። በመላላት ወይም በዝገት ምክንያት ንክኪው የአንድ አሥረኛ ኦም መቋቋም ቢኖረው፣ በ5 አምፔር 2.5 ዋት ሙቀት ይፈጠራል፤ በ10 አምፔር 10 ዋት፣ በ16 አምፔር ግን 25.6 ዋት ይሆናል። ይህ የመጨረሻው ለራዲዮ ጠጋኝ የቆርቆሮ መበየጃ የሚበቃ ሙቀት ነው፤ በተዘጋ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ለአንድ ሰዓት ቢቆይ ምን እንደሚያደርስ መገመት አያስቸግርም።

፫. ምጣድና ስማርት ሶኬት

በኢትዮጵያ ቤቶች ውስጥ ጉዳዩን ከሌላው ዓለም የተለየ የሚያደርገው የእንጀራ ምጣድ ነው። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት ላይ ወደ 16 አምፔር ይወስዳል። በገበያ ላይ ካሉት ስማርት ሶኬቶች ብዙዎቹ የተሠሩት ለ10 አምፔር፣ ማለት ለ2,200 ዋት ነው። 16 አምፔር የሚል ጽሑፍ ያለባቸውም ቢሆኑ ከጣሪያቸው ጫፍ ላይ ለረጅም ጊዜ እንዲቆዩ ሊታመኑ አይገባም፤ የእንጀራ ጋገራ የአንድ ሊጥ ሙሉ ሥራ እንጂ ሻይ እንደ ማፍላት የደቂቃዎች ጉዳይ አይደለምና። ስለዚህ ምጣድ፣ የውሃ ማሞቂያና የኤሌክትሪክ ምድጃ በዚህ መሣሪያ በኩል ፈጽሞ ሊሰኩ አይገባም። ለእነዚህ የሚገባቸው በልካቸው የተመረጠ ሽቦ፣ የራሳቸው ብሬከርና ጥብቅ የመሬት መስመር ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ሌላው ጉዳይ የመብራት መጥፋት ነው። መብራት ሲጠፋ የበራውን ዕቃ ሳያጠፉ ከቤት መውጣት የተለመደ ስሕተት ነው፤ መብራቱ ሲመለስ ዕቃው ሰው በሌለበት ቤት ውስጥ መጋል ይጀምራል። አብዛኞቹ ስማርት ሶኬቶች ኃይል ሲመለስ ከሦስቱ አንዱን እንዲያደርጉ ሊታዘዙ ይችላሉ፤ በርተው እንዲመለሱ፣ ጠፍተው እንዲቆዩ፣ ወይም ወደ ቀድሞው ሁኔታቸው እንዲገቡ። ብዙው ገዢ ይህን ሳያውቅ ከፋብሪካ በመጣበት ሁኔታ ይተወዋል። ለጠረጴዛ መብራት ወደ ቀድሞው ሁኔታ መመለሱ ይበቃል። በመሣሪያው ልክ ውስጥ ለሚገባ አነስተኛ ካውያ ግን ጠፍቶ መቆየት ግዴታ ሊሆን ይገባዋል። በዚህ መንገድ ከተሠራበት መሣሪያው አደጋን ከማምጣት ይልቅ ይከላከላል ማለት ይቻላል።

ሰዓትን አስመልክቶም እንዲሁ ነው። መሣሪያው ሰዓቱን የሚያውቀው በአብዛኛው ከኢንተርኔት ነው። መብራት ተመልሶ የዋይፋይ መስመሩ ገና ካልተነሣ፣ ስንት ሰዓት እንደ ሆነ አያውቅምና በ12 ሰዓት ማታ እንዲያበራ የታዘዘውን የውጭ መብራት ሳያበራ ሊያድር ይችላል። ለጥበቃ የሚያገለግል መብራት እንግዲህ በዚህ ብቻ ሊታመን አይገባም።

፬. ጠፋ ማለት ተቋረጠ ማለት አይደለም

በኢትዮጵያ የተለመደው ክብ ባለ ሁለት እግር ስፒና በሁለቱም ወገን ገልብጦ ሊሰካ የሚችል ነው። የስማርት ሶኬቱ ሪሌይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚቆርጠው ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱን ብቻ ነው። ስለዚህ ስፒናው በአንድ ወገን ሲሰካ ፌዙ ይቆረጣል፤ ተገልብጦ ሲሰካ ግን የሚቆረጠው ኒውትራሉ ሆኖ ፌዙ እስከ አምፖሉ መያዣ ድረስ እንደ ደረሰ ይቀራል። መብራቱ ጠፍቷል፤ አደጋው ግን አልጠፋም። ከዚህም ሌላ ሪሌዩ በሚነሣበት ጊዜ ከፍተኛ ኃይል ለሚስብ ዕቃ፣ ለምሳሌ ውሃ ወደ ሮቶ ለሚገፋ ፓምፕ ሲያገለግል፣ ንክኪው በብልጭታ ተበይዶ ሊጣበቅ ይችላል። ያን ጊዜ ስልኩ «ጠፍቷል» ቢልም ፓምፑ ይሠራል። ስለዚህም አምፖል የሚቀይር ወይም ዕቃ የሚጠግን ሰው በስልክ ማጥፋቱ በቂ አይደለም፤ ስፒናውን መንቀል አለበት። ፓምፕም በኮንታክተር በኩል እንጂ በቀጥታ ሊሰካበት አይገባም።

የጣሪያ መብራትም በዚህ መሣሪያ አይገዛም፤ ሽቦው በግድግዳ ውስጥ የተዘረጋ ነውና። በማብሪያ ማጥፊያው ሣጥን ውስጥ ተመሳሳይ መሣሪያ ማስገባት የሚፈልግ ሁሉ፣ በዚያ ሣጥን ውስጥ ብዙውን ጊዜ ኒውትራል እንደማይገኝ ማወቅ ይኖርበታል። በዚያ ቦታ የመሬት መስመርን እንደ ኒውትራል መጠቀም የሰውን ሕይወት ለአደጋ የሚዳርግ ሥራ ነውና ባለሙያ ሊያደርገው ቀርቶ ሊያስበው አይገባም።

፭. ከውጭ አገር የሚላክ ስጦታ

በውጭ የሚኖሩ ዘመዶች ለወላጆቻቸው እንዲህ ያለውን መሣሪያ በፍቅር ይልካሉ። ከአሜሪካ የሚመጣው አብዛኛው የተሠራው ለ120 ቮልት ነው። አስማሚ ተበጅቶለት በ220 ቮልት ላይ ሲሰካ፣ የኃይል ማውረጃ ክፍሉ ከልኩ እጥፍ የሚጠጋ ቮልት ይደርስበታልና ሊፈነዳ ወይም ሊቃጠል ይችላል። ከዱባይ የሚመጣው ቮልቱ የሚስማማ ቢሆንም ሦስት አራት ማዕዘን እግሮች ያሉት ስለሆነ፣ በግድግዳው በኩል አንድ፣ በዕቃው በኩል ሌላ አስማሚ ይጠይቃል። እያንዳንዱ አስማሚ አንድ ተጨማሪ የላላ ንክኪ ነው፤ የመሬት መስመር የማያሳልፍ ከሆነም ዕቃው ያለ መከላከያ ይቀራል። ላኪውም ተቀባዩም በመሣሪያው ጀርባ ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር ማንበብ ይገባቸዋል።

፮. ስለ ቁጠባ

ሻጮች ዘወትር የሚያነሡት የኃይል ቁጠባን ነው። ስሌቱ ግን እንደ ዕቃው ይለያያል። ጠፍቶም 10 ዋት የሚስብ የቆየ ቴሌቪዥንና ዲኮደር በቀን ለ18 ሰዓት እንዲሁ ቢቀመጥ፣ በዓመት 65.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ያባክናል። ስማርት ሶኬቱ ራሱ 1 ዋት ቢስብ፣ ዓመቱን ሙሉ ስለማያርፍ 8.76 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳል። ትርፉ ግልጽ ነው። በተጠንቀቅ ላይ ሳለ ግማሽ ዋት ብቻ ለሚስብ አዲስ ቴሌቪዥን ግን የሚቆጠበው 3.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ስለሆነ፣ ጠባቂው ከሚጠበቀው ይልቅ ይበላል። የተሻለው ጥቅም ያለው መለኪያ ባላቸው ሶኬቶች ላይ ነው፤ አንድን ዕቃ ለሳምንት ለክቶ የቆጣሪውን ካርድ የሚጨርሰው የትኛው እንደ ሆነ ማወቅና ከዚያ መሣሪያውን ወደ ሌላ ዕቃ ማዛወር ይቻላልና።

፯. የቤቱ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

ብዙዎቹ መሣሪያዎች ትእዛዝ የሚቀበሉት በሩቅ አገር ባለ የኩባንያ ኮምፒውተር በኩል ነው። ያ ኩባንያ ሲዘጋ ምን ይሆናል? ኢንስቲዮን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 ያለ ማስጠንቀቂያ አገልግሎቱን ሲያቋርጥ ደንበኞቹ ይህን ጥያቄ በቤታቸው ውስጥ አይተውታል፤ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ደንበኞች ራሳቸው ገዝተው አገልግሎቱን አስነሥተዋል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 የወጣው ማተር የተባለው የጋራ ደረጃ ትእዛዙ በቤት ውስጥ እንዲጠናቀቅ ስለሚያስችል፣ ከተገኘ የሚመረጠው እርሱ ነው።

የምስጢር ቃልም እንዲሁ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው የኮምፒውተር ተንኮል ከፋብሪካ በወጡበት የምስጢር ቃል የሚሠሩ ካሜራዎችንና የኢንተርኔት መሣሪያዎችን በብዛት ማርኮ ታላላቅ ድረ ገጾችን እንዳይሠሩ አድርጓል። እንግሊዝ ከኤፕሪል 29 ቀን 2024 ጀምሮ ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ የምስጢር ቃል ይዞ መሸጥን በሕግ የከለከለችው ከእንዲህ ያለው ልምድ ተምራ ነው።

በመጨረሻም ቤት የአንድ ሰው ስልክ አይደለም። በቤት ውስጥ አያት አሉ፣ የቤት ሠራተኛ አለች፣ እንግዳ ይመጣል። መብራት ለማብራት የልጃቸውን ስልክ የሚለምኑ እናት ኑሯቸው ቀለለ ሊባል አይችልም። ስለዚህ የሚመረጠው በላዩ የእጅ መጫኛ ያለው መሣሪያ ነው፤ የሚሰካውም እጅ በሚደርስበት ቦታ እንጂ ከቁም ሣጥን ኋላ አይደለም። በአንጻሩ ከአልጋቸው ለመነሣት ለማይችሉ ሕሙማን፣ በጨለማ ለመራመድ ለሚቸገሩ አረጋውያን ይህ መሣሪያ እውነተኛ አገልግሎት ነው፤ ይህንንም ማቃለል አይገባም።

፰. የባለሙያው ግዴታ

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሁሉ ወደ አንድ ሐሳብ ይመራል። መሣሪያው ያለ ባለሙያ እንዲሰካ ሆኖ ስለ ተሠራ ያለ ባለሙያ ምክር ይሰካል ማለት ግን አይደለም። ለሌላ ሥራ የተጠራ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በየክፍሉ ያሉትን ሶኬቶች በእጁ መዳሰስ፣ የጋለና የጠቆረ ካገኘ ወዲያው ማስነቀል፣ ከአምፔር በላይ የተጫነውን ለባለቤቱ በቁጥር ማስረዳት ይችላል። ሻጩ በ220 ቮልት የሚችለውን የዋት መጠን በአማርኛ ጽፎ እንዲለጥፍ መጠየቅም ከማኅበሩ የሚጠበቅ ነው።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። ቅጠሉ እዚህ ላይ ውድ ነገር አይደለም፤ በመሣሪያው ጀርባ የተጻፈችውን አንዲት መሥመር ማንበብ ነው። ከሩቅ የሚያበራ እጅ በመጣበት ዘመን፣ ቀድሞ ከእጅ ጋር አብሮ ይሄድ የነበረው ዓይን በባለሙያው ዕውቀት እንዲተካ ያስፈልጋል።