«መጀመሪያ ወዴት ሄድክ?»፦ የባህል መድኃኒትና የፋርማሲ መድኃኒት በአንድ ሰው አካል ውስጥ ሲገናኙ

(በጋምቤላ ከተማ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለጤና ባለሙያዎች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



የዛሬውን ርእስ የሰጠኝ አንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነው። በደቡብ አሜሪካ በአማዞን ጫካ ስለሚጠጣው «አያዋስካ» የተሠራ ፊልም በስልኩ አይቶ ቢሮዬ መጣና «ዶክተር፣ የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህን ቢጠጣ ሊሞት ይችላል የሚባለው እውነት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። እውነት መሆኑን ነገርኩት፤ ምክንያቱንም አስረዳሁት። ከወጣ በኋላ ግን ጥያቄው ከእኔ ጋር ቀረ። ጋምቤላ ውስጥ አያዋስካ የሚጠጣ ሰው አላውቅም። ሆኖም ያ ልጅ ሳያስበው የጠየቀኝ በየቀኑ በዚህ ከተማ በየፋርማሲው መስኮት ፊት ስለሚቆመውና ማንም ስለማይጠይቀው ነገር ነበር።

ከአያዋስካው ልጀምር፤ አሠራሩ ለሌላው ሁሉ በር ይከፍታልና። መጠጡ በአብዛኛው ከሁለት ዕፅ ይፈላል። አንደኛው ቅጠል ዲሜቲልትሪፕታሚን የተባለ፣ ራእይ የሚያሳይ ንጥረ ነገር አለው። ይህ ንጥረ ነገር ብቻውን ቢጠጣ ምንም አያደርግም፤ በአንጀትና በጉበት ያለው ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ወደ ደም ሳይደርስ ይሰባብረዋል። ሁለተኛው ዕፅ ሐረግ ነው፤ በውስጡ ያሉት ሃርሚንና ሃርማሊን ያንን ኢንዛይም ያግዱታል። ዘበኛው ሲታሰር ሌባው ይገባል። የአማዞን ሰዎች ላቦራቶሪ ሳይኖራቸው ይህን ማግኘታቸው እስካሁን ያስደንቀኛል። አደጋው ግን እዚያው ላይ ነው፤ ዘበኛው የታሰረው ለቅጠሉ ብቻ አይደለም። እንደ ፍሉኦክሴቲን ያለ የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህን ሲጠጣ ሴሮቶኒን ከልክ በላይ ይከማቻል፤ ሰውነት ይግላል፣ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል፣ ይገትራል፣ ልብ ይሮጣል፣ ሰው ይሞታል። ካላዌይና ግሮብ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ማስጠንቀቂያ እ.ኤ.አ. በ1998 ጽፈዋል። ፍሉኦክሴቲን ደግሞ ዛሬ አቁሜ ነገ ልጠጣ የሚባልበት መድኃኒት አይደለም፤ ሞኖአሚን ኦክሲዴዝን የሚያግድ ነገር ከመወሰዱ በፊት 5 ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። እኛም አገር አእምሮን የሚለውጥ ዕፅ ጠፍቶ አያውቅም። አስተናግር የምንለው፣ አጤ ፋሪስም የሚባለው፣ በየመንገዱ ዳርና በየበረቱ አጠገብ የሚበቅለው ባለ እሾህ ፍሬ ተክል አትሮፒንና ስኮፖላሚን አለው። ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል፤ የጠጣ ሰው የሌለ ሰው ያናግራል። በአብነት ትምህርት ቤቶች አካባቢ ትምህርት ይገልጣል ተብሎ የሚታመነው አብሾ ከዚሁ ተክል እንደሚዘጋጅ ይነገራል። በቋንቋችን «አብሾ አለበት» የምንለው ጥቂት አረቄ ቀምሶ የሚያብድን ሰው ነው። ይህን አነጋገር ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ኖሬ የፋርማኮሎጂ ትምህርት መሆኑ የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው። አባቶቻችን አንድ ነገር በአካል ውስጥ እያለ ሌላ ነገር ሲጨመርበት የሚመጣውን አደጋ አይተው ስም አውጥተውለታል። ማብራሪያቸው ትክክል ነው ማለቴ አይደለም፤ አትሮፒን ለዓመታት በሰውነት ውስጥ ተቀብሮ አይቀመጥም። ትዝብቱ ግን ትዝብት ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቄ በአንድ ሆስፒታል ፋርማሲ እሠራ ነበር። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረበት ጊዜ ነው፤ ስታቩዲን ገና አልቀረም፤ ብዙ ሰው እግሩን እንደ ፍም ያቃጥለው ነበር። ለዚህ ቃጠሎ አሚትሪፕቲሊን ይታዘዛል። በባሮ ወንዝ ዓሣ የሚያጠምድ፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለ ሰው ማዘዣውን ይዞ መጣ። ቆጥሬ ሰጠሁት፤ «ማታ አንድ» አልኩት፤ ሄደ። የጠየቅሁት ነገር አልነበረም።

በአሥረኛው ቀን ቤተሰቦቹ ተሸክመው አመጡት። አካሉ እሳት ነው፣ ይቃዣል፣ ከአየር ላይ ክር የሚለቅም ይመስላል። በጋምቤላ እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ ማንም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ወባ ወደ አእምሮ መውጣቱን ነው። የደም ምርመራው ወባ የለም አለ፤ እኛ ግን ምርመራውን ሳይሆን ልማዳችንን አመንን። ኪኒን በግሉኮስ ተሰቀለለት። ኪኒኑን ከመደርደሪያ አውርጄ የሰጠሁት እኔ ነኝ። አሚትሪፕቲሊንም ኪኒንም የልብን የኤሌክትሪክ ምት ያዘገያሉ፤ አንዱን በሌላው ላይ መደረብ ልብን በድንገት ሊያቆም ይችላል። ይህን በፈተና ወረቀት ላይ ጽፌ ማርክ አግኝቼበታለሁ። በዚያ ሌሊት ትዝ አላለኝም።

እናቱ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ደጋግማ አንድ ነገር ትናገር ነበር፤ አኙዋኛ የሚሰማ ሐኪምም ነርስም በተረኝነት አልነበረም። ጠዋት ክፍሉን የሚያጸዳው ሠራተኛ መጥረጊያውን እንደያዘ ሰማትና «ገበያ ላይ ለእግሩ ፍሬ ተቀቅሎ ተሰጥቶት ጠጥቷል፤ ያ ነው የያዘው ትላለች» አለን። ያን ጊዜ ዓይኑን ተመለከትን። የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ጥቁሩ ብቻ ቀርቷል። አፉ ደረቅ፣ ቆዳው ትኩስና ያለ አንዲት ጠብታ ላብ፣ ፊኛው ተወጥሯል። የወባ ሕመምተኛ ያልበዋል፤ ይህ ሰው አላበውም ነበር። ባትሪ ሌሊቱን ሙሉ በነርሷ ኪስ ውስጥ ነበር።

አስተናግር የሚያግደውን አሲቲልኮሊን አሚትሪፕቲሊንም ያግዳል። ሁለቱ ሲደመሩ ላብ ይቆማል። ደጋ ላይ ላብ ቢቆም ሰው ያተኩሰዋል፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በጋምቤላ በጋ ግን ላብ ማለት ሕይወት ነው። ለድብርት፣ ለእንቅልፍና ለአለርጂ የምንሰጣቸው ብዙ የቆዩ መድኃኒቶች፣ እንደ ክሎርፕሮማዚን ያሉ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችና ከእነርሱ ጋር የሚታዘዘው አርቴን ሁሉ በዚሁ መንገድ ይሠራሉ።

ሰውዬው በአራተኛው ቀን ነቃ፤ ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። በነቃ ጊዜ ሕመምተኞችና አስታማሚዎች እየሰሙ ገሠጽነው። «ኋላቀር» የሚል ቃል ከአፋችን ወጥቷል፤ ከእኔም አፍ ጭምር። አንገቱን ደፍቶ ሰማን፤ ወጣ፤ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቱን ሊወስድ ተመልሶ አልመጣም። ከወራት በኋላ እናቱን ገበያ አገኘኋት። እንደሞተ ነገረችኝ። የገደለው አስተናግር አልነበረም።

ይህን ያነሣሁት ኃላፊነቱ እስከ ዛሬ ስላልቀለለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉት መካከል የኤችአይቪ ሥርጭት በአገር ደረጃ 0.9 በመቶ፣ በጋምቤላ 4.8 በመቶ መሆኑን አሳይቷል፤ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነው። የሳንባ ነቀርሳና ወባ በላዩ ላይ አሉ። ስለዚህ የእኛ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ አንድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አይደለም።

ወደ አያዋስካው ዘበኛ ልመልሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1952 በኒውዮርክ ስታተን ደሴት በሚገኘው ሲ ቪው ሆስፒታል ሁለት አዳዲስ የነቀርሳ መድኃኒቶች ተሞከሩ፤ አይሶኒያዚድና ወንድሙ አይፕሮኒያዚድ። በአይፕሮኒያዚድ ሕመምተኞቹ ሐሴት አደረጉ፤ በሆስፒታሉ አዳራሽ ጨፈሩ ይባላል። ምክንያቱ ያ መድኃኒት ሞኖአሚን ኦክሲዴዝን ማገዱ ነበር፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶም የመጀመሪያው የድብርት መድኃኒት ሆነ፤ በኋላ በጉበት ጉዳት ምክንያት ቀረ። ወንድሙ አይሶኒያዚድ ግን ዛሬም በየጤና ጣቢያችን አለ፤ ኤችአይቪ ላለባቸውም ነቀርሳን ለመከላከል ይሰጣል። የማገድ ኃይሉ ደካማ ነው፤ ፈጽሞ የለም ግን አይባልም። እ.ኤ.አ. በ1977 ከስሪላንካ አይሶኒያዚድ የሚወስዱ ሰዎች የተወሰነ የባሕር ዓሣ ሲበሉ ፊታቸው መቅላቱ፣ ራሳቸው መፍለጡና ልባቸው መምታቱ ተዘግቧል፤ መድኃኒቱ በዓሣው ውስጥ ያለውን ሂስታሚን የሚያጠፋውንም ኢንዛይም ስለሚያግድ ነው። የባሮ ዓሣ የባሕር ዓሣ አይደለም፤ በዚህ ምክንያት ለአንድ ነቀርሳ ላለበት ሰው ዓሣ አትብላ የሚል ባለሙያ ቢኖር እቃወመዋለሁ፤ የሚያድነውን ምግብ እየነጠቀው ነው። ዓሣ በልቶ ፊቱ የቀላ ሰው ሲመጣ ግን መድኃኒቱን እንድታስታውሱ እፈልጋለሁ።

ሊኔዞሊድ ከበድ ያለ ጉዳይ ነው። መድኃኒት ለተላመደ ነቀርሳ ይሰጣል፤ እርሱም ይህንኑ ዘበኛ ያስራል። የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2011 ከሴሮቶኒን መድኃኒቶች ጋር እንዳይደረብ አስጠንቅቋል። እንግዲህ ለወራት በሕክምና ላይ ያለ ሰው በድብርት ቢያዝ ፍሉኦክሴቲን ይታዘዝለታል፤ እግሩ ቢያቃጥለው አሚትሪፕቲሊን፤ ወገቡን ቢያመው ትራማዶል ያለ ማዘዣ ገዝቶ ይውጣል። የአማዞኑ ጽዋ ያለ ሐረጉና ያለ ቅጠሉ ጋምቤላ ውስጥ ተቀላቀለ ማለት ነው። ትራማዶልን በየኪዮስኩ እንደ ከረሜላ የሚሸጡ ሰዎች ይህን አያውቁም፤ እኛ ግን እናውቃለን።

ስለ ሪፋምፒሲን አጭር ቃል። እርሱ ዘበኛ አያስርም፤ ዘበኛ ይጨምራል። ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን በፍጥነት እንዲያጠፋ ያደርጋል። ስለዚህ ዶሉቴግራቪር ከሪፋምፒሲን ጋር ሲሰጥ 50 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ይሆናል። በክንድ የሚቀበረው የወሊድ መከላከያም ይዳከማል፤ በየሦስት ወሩ የሚወጋው ግን አይዳከምም። ነቀርሳ ክፍል የገባች ሴት ክንዷን የሚጠይቃት ስለማይኖር ሳታስበው የምታረግዝ አለች። ያረገዘች ሴት ደግሞ የብረት እንክብል ይሰጣታል፤ ብረትና ዶሉቴግራቪር በባዶ ሆድ አብረው ከተወሰዱ መድኃኒቱ ከአንጀት በበቂ መጠን አይገባም። ወይ ሁለቱንም ከምግብ ጋር፣ ወይ ዶሉቴግራቪሩን ከብረቱ 2 ሰዓት ቀድማ መውሰድ አለባት።

ሁሉም ግንኙነት ክፉ አይደለም። ኮአርተም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም በደንብ ይገባል። በኑዌር አርብቶ አደር ቤት ወተት አለ፤ «ክኒኑን በወተት ዋጠው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ከስንት ፖስተር ይሻላል። ጫት በበኩሉ አምፒሲሊን ወደ ደም እንዳይገባ እንደሚቀንስ በየመን የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1997 አሳይቷል፤ ቅሞ ካበቃ ከ2 ሰዓት በኋላ ሲወሰድ ጉዳቱ አልታየም። ተማሪዎች ሳቃችሁ፤ ማን እንደሳቀ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄው እመጣለሁ። ከሕዝባችን 80 በመቶው የባህል መድኃኒት ይጠቀማል የሚል ቁጥር በየመመረቂያ ጽሑፋችሁ መግቢያ ላይ አነባለሁ። ይህን ቁጥር አልወደውም፤ አንዱ ከሌላው እየገለበጠ የመጣ ነውና። ፊት ለፊቴ የቆመው ሰው ትናንት ምን እንደጠጣ አይነግረኝም። «የባህል መድኃኒት ትወስዳለህ?» ብለን ስንጠይቅም አይነግረንም፤ ጥያቄው ራሱ ክስ ይመስላል፤ መልሱ ሁልጊዜ «አልወስድም» ነው። ያ ዓሣ አጥማጅ ከሞተ ወዲህ እኔ የምጠይቀው እንዲህ ነው፦ «ሕመሙ ሲጀምርህ መጀመሪያ ወዴት ሄድክ? ምን ሰጡህ?» ሰው የሄደበትን መንገድ ሲጠየቅ ይተርካል። እናት ወይም አያት አብረው ከመጡ ጥያቄው ለእነርሱ ይቅረብ፤ «እማማ፣ እቤት ምን አደረጋችሁለት?» ሲባሉ ያስታወሱትን ሁሉ ይናገራሉ። ያመጡትን ቅጠል ወይም ፍሬ እንዲያሳዩ ጠይቁ፤ ሲያሳዩ ፊታችሁ እንዳይለወጥ ተጠንቀቁ።

ባለመድኃኒቶቹንም እንደ ጠላት አትዩአቸው። እኔ ከእነርሱ ብዙ ተምሬአለሁ፤ አንዳንዶቹ ስለ መጠን ከእኛ ይልቅ ይጠነቀቃሉ። ችግሩ ተክሉ እንደ ክኒን አለመሆኑ ነው፤ የአንዱ አስተናግር ፍሬ ከሌላው፣ የበጋው ከክረምቱ ኃይሉ ይለያያል፤ የትናንቱ መጠን ዛሬ መርዝ ሊሆን ይችላል። እነርሱ ደግሞ ሕመምተኛው በኪሱ አሚትሪፕቲሊን እንደያዘ አያውቁም። የሚነግራቸው ማን ነው?

በዚህ ዓመት ከሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ጋር በጋምቤላ ገበያ የሚሸጡ የመድኃኒት ዕፆችን ስም በአኙዋኛ፣ በኑዌርኛ፣ በመዠንገርኛ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ መመዝገብ ጀምረናል፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን አብሮ መሰጠት የሌለበት የፋርማሲ መድኃኒት ይጻፋል። ኦፖኛና ኮሞኛ የሚናገር ተማሪ እስካሁን አላገኘንም። በአዳራሹ ውስጥ ካላችሁ ከንግግሩ በኋላ እዚህ መድረኩ አጠገብ እጠብቃችኋለሁ። ጥያቄ ላላችሁም ጊዜው የእናንተ ነው።